ለጎረቤቴ ልጅ ያቀለልኩት ፔዳል

ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ቅር ብሎት ይሄዳል። አውሮፕላን ትጠግናለህ ይሉኛል፤ አልጠግንም። አብራሪ ነህ? እሱንም አይደለሁም። የምጠግነው የማይበር አውሮፕላን ነው። ሲሙሌተር ይባላል። ከውጭ ሲያዩት በስድስት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ ነጭ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን መቀመጫው፣ መሪው፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ እንዳለው ነው። አብራሪዎች እሳትን፣ ጭጋግን፣ የሞተር መጥፋትን እዚያ ውስጥ ገብተው ይለማመዳሉ። ቢከሰከሱ ላብ በላብ ሆነው ይወጣሉ እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም። በልደታ ኮንዶሚኒየም የእኛ ብሎክ ወጣቶች ይህን ሁሉ አስረድቻቸው ሲያበቃ «በቃ ትልቅ ጌም ነው በለና» ብለው ገላገሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ «የጌሙ ኢንጂነር» ሆኜ ቀረሁ።

ያኔ በሥራዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ፤ ትንሽም አበዛው ነበር። ማሽን የሚያስቸግረው የተበላሸበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ነው፤ ከተገኘ ይጠገናል። የሰውም ችግር እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የጎረቤት ፍሪጅ፣ የብሎኩ የውኃ ፓምፕ ሁሉ በእጄ አልፏል። ሳልጠየቅም እጄን እሰድ ነበር። ባለቤቴ ሰብለ «አንተ ሰው አመመኝ ቢልህ ፒንሳ ይዘህ ትሄዳለህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁን ይህን ቀልድ ትታዋለች።

ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘነበች ይኖራሉ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣሉ። ባላቸው የሞቱት አንዲት ልጃቸው ረድኤት ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ሕይወት ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነው። ረድኤት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኔ በምሠራበት ማሠልጠኛ የአብራሪነት ትምህርት ስትገባ ብሎኩ በሙሉ የገባ ያህል ተደሰተ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «አንተ እዚያ እያለህልኝ አልሰጋም» ይሉኝ ጀመር። እኔ እዚያ ብሎን ከማጥበቅ ያለፈ ሥልጣን እንደሌለኝ ብነግራቸውም አያምኑኝም። እውነቱን ለመናገር፣ ባያምኑኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ረድኤት እስከ ትምህርቷ መጨረሻ አካባቢ ጥሩ ሄደች። ከዚያ አንድ ፈተና ወደቀች። ፈተናው እንዲህ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት መንደርደሪያው ላይ እየሮጠ ሳለ ፈታኙ በድንገት አንዱን ሞተር ያጠፋል። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዲያው ሞተሩ ወደጠፋበት ጎን ይታጠፋል። አብራሪዋ በሌላኛው እግሯ ፔዳል ረግጣ ልታቀናው ይገባል። የረገጠችው ካነሰ በአንዱ በኩል ከመንገዱ ትወጣለች፤ ከበዛ ደግሞ በሌላኛው በኩል ትወጣለች። ለዚህ ሁሉ ያላት ጊዜ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ረድኤት አነሰባት፤ ወጣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንድትደግም ተፈቀደላት። ደግማም ከወደቀች ከሥልጠናው መሰናበት ነው፤ ሌላ ዕድል የለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን በታክሲ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ሰበብ እየፈለግኩ እንዳይመስልህ፤ የዚያ ማሽን ፔዳል ግን ይከብደኛል» አለችኝ። ረድኤት አጭርና ቀጭን ናት። እኔም ምንም ሳልላት በማግስቱ መለኪያዬን ይዤ ገባሁ። ልክ ነበረች። በእኛ ሥራ ለእያንዳንዱ ነገር የሚፈቀድ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ አለ። የፔዳሉ ክብደት ከፍተኛው ልክ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ስላላለፈ ብልሽት አይባልም፤ ስለዚህ አልነካሁትም። በልቤ ግን ያዝኩት።

የድጋሚው ፈተና የሚያዝያ የመጨረሻው ቀን ላይ ዋለ። ማግስቱ ግንቦት ልደታ ናት፤ ዋዜማዋን ደግሞ የእኛ ብሎክ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ወጥቶ በጋራ ያከብራል። ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት እትዬ ዘነበች ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ አገኘኋቸውና ተቀብዬ አደረስኩላቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙኝ።

«ነገ ነው አሉ የልጄ ነገር» አሉኝ። «እኔ አላውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ምንም አድርግልኝ አልልህም። ብቻ እይልኝ።»

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ የጠየቁኝ እንድመለከትላት ብቻ ነው። እኔ ግን አይቼ ብቻ መተው የማልችል ሰው ነኝ።

በነጋታው የጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ ገና ጎህ ሲቀድ ገባሁ። አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከማሽኑ በስተቀር ማንም አልነበረም። የዕለቱን ፍተሻ ጨረስኩ፤ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የፔዳሉን ክብደት የሚቆጣጠረውን ገጽ ከፈትኩና ከላይኛው ጠርዝ አውርጄ ወደ ታችኛው ልክ አስጠጋሁት። መሃል ላይ ባቆመው ይበቃ ነበር። ግን ልጅቷ ቀጭን ናት፣ እናትየው እይልኝ ብለውኛል፣ እና የተፈቀደው እስከዚያ ድረስ ነው፤ እኔም እስከዚያ ድረስ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ማሽኑ ላይ የተነካ ነገር ሁሉ፣ አንዲት ብሎንም ብትሆን፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሌላ ኢንጂነር አይቶ ይፈርማል፤ ከዚያ ማሽኑ እንደገና ይሞከራል። ያን ቀን ለመፈረም ተራው የነበረው ጌትነት የሚገባው አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ብጽፈው ፈተናው መዘግየቱ አይቀርም። ጌትነትም ለምን ዛሬ፣ ለምን አሁን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ልኩን እንደሆነ አላለፍኩም። ቀን አልፎ ማታ ስወጣ እጽፈዋለሁ አልኩና መዝገቡን ዘጋሁት። በአሥራ አራት ዓመት ሥራ ሳልጽፍ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረድኤት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ፊቷ የተረጋጋ ነው። ስታልፍ በዓይኗ ሰላም አለችኝ፤ እኔም «አይዞሽ» አልኳት። እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነበር። ደስ የሚል ስጦታ ደብቆ እንደያዘ ሰው ውስጤ ይስቅ ነበር።

ፈታኙ ካፒቴን ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ጨካኝ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ለማንም ሲያዳሉ አይቻቸው አላውቅም። ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ወደ ሳጥኑ የሚያስገባው ድልድይ ተነሳ፤ ሳጥኑም በስድስት እግሮቹ ከፍ አለ። እኔ የምቀመጠው ከውጭ ነው። የውስጡን ንግግር አልሰማም። ፊት ለፊቴ ባለው ስክሪን ላይ የመንደርደሪያው ምስልና አውሮፕላኑ የሚሄድበት አንድ አረንጓዴ መስመር ይታየኛል። ከስክሪኑ በስተቀኝ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለ።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ሮጠ። ግራው ሞተር ሲጠፋ አየሁ። አፍንጫው ወደ ግራ ማዘንበል እንደጀመረ ወዲያው ቀና፤ እሰይ አልኩ። ግን በመቅናት አላበቃም። ወደ ቀኝ ዞረ፤ እንደዞረም ቀጠለና በቀኝ በኩል ከመንደርደሪያው ወጣ። ሳጥኑ ተንገጫግጮ ቆመ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ደንግጣ ይሆናል አልኩ። ቁጥሮቹን ስመለከት ግን እግሯ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ድረስ ነው የሰደደው። ልጅቷ የረገጠችው ለከባዱ ፔዳል የሚበቃውን ያህል ነበር። ለዚያ ሳምንታት ሙሉ የተዘጋጀች እግር ናት። ያ ክብደት ግን ቦታው የለም፤ ጠዋት እኔ ወስጄዋለሁ።

በደንቡ ፈታኙ አንድ ጊዜ ያስደግማል። ማሽኑን ወደ መነሻው ለመመለስና ለመዘጋጀት አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እነዚያን ደቂቃዎች እስከ ዛሬ አልጨረስኳቸውም። እጄን ቀዩ ቁልፍ አጠገብ አድርጌ ቆምኩ። ብጫነው ማሽኑ ይቆማል፤ ፈተናው ይሰረዛል፤ ረድኤትም ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ቀን ትፈተናለች። ማሽኑ ላይ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር መጫን መብቴ ብቻ ሳይሆን ግዴታዬ ነው። ግን ቁልፉ ሲጫን ምክንያቱ ይጻፋል። ምን ልጽፍ ነው? ጠዋት ማንም ሳያየኝ ለጎረቤቴ ልጅ ፔዳል አቀለልኩ ልል ነው? ምናልባት አሁን ገብቷት ይሆናል፣ በሁለተኛው ታስተካክለዋለች አልኩ። ይህን ያልኩት ስላመንኩበት አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

መስመሩ እንደገና ሮጠ። አሁን የጠፋው ቀኙ ሞተር ነው። በዚህኛው ጠንቀቅ ብላ ጀመረች፤ አነሰባት፤ ማነሱን ስታይ ጨመረች፤ ስትጨምር በዛ። መስመሩ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘና በግራ በኩል ወጣ። እጄ አሁንም ቁልፉ አጠገብ ነበር። ከዚያ በኋላ ብጫነውም ባልጫነውም ለውጥ የለውም።

ድልድዩ ሲወርድ መጀመሪያ የወጣችው ረድኤት ናት። አላለቀሰችም። ወደ እኔ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ፔዳሉ ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?» አልኳት። ይህን ነው ያልኳት።

«እንጃ። እግሬ ባዶ ውስጥ የገባ መሰለኝ።»

ካፒቴኑ ከኋላዋ ወረቀታቸውን ይዘው ደርሰው ነበር። በቁጣ ሳይሆን እንደ ማዘን ብለው «ልጄ፣ ሁለት አውሮፕላን አንድ ዓይነት አይሆንም። አብራሪ ያገኘውን ነው የሚያበረው» አሏት። አንገቷን ደፋ አድርጋ ልክ ነዎት አለች። ልክም ናቸው፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። እሳቸው ልክ ነበሩ፣ እሷም ልክ ነበረች፣ ማሽኑም ልኩ ውስጥ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥፋት የነበረብኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ የማይናገረውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማታ ስወጣ እጽፈዋለሁ ያልኩትን መዝገብ ሳልከፍተው ወጣሁ። ከታክሲ ልደታ ስወርድ እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። ብሎካችን ግቢ ስገባ ትልልቅ ድስቶች ተጥደው ንፍሮው ይፈላል፤ ወንበሮች ወጥተዋል፤ ሕፃናት ይራወጣሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጥቷል። ልደታ ውጭ ነው የምትበላው፤ ቤት አይገባም። እትዬ ዘነበች አዲስ ነጠላ ለብሰው ሰው ያስተናግዳሉ። ፊታቸውን ሳይ ረድኤት እንዳልነገረቻቸው ገባኝ። ልጅቷ የለችም፤ ጓደኛዋ ጋ ነኝ፣ እመጣለሁ ብላ ደውላለች። እሳቸው ይህንን እንደ ምሥራች ነበር የተረዱት።

ሳህን ሙሉ ንፍሮ አምጥተው አስጨበጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። «እንዴት ሆነች?» ብለው አልጠየቁኝም። እንዳያሟርቱ ፈርተው ይመስለኛል። ይልቅ ስለ ድካሟ ያወሩልኝ ጀመር።

«ይቅርታ ሳልጠይቅህ» አሉ። «ሰሞኑን በላይ በላያችሁ ስንደበድብ አልተኛችሁም መቼም።»

እውነትም ለሁለት ሦስት ሳምንት ከጣራችን በላይ በየምሽቱ ግው ግው የሚል ድምፅ ነበር። እኔና ሰብለ ቅመም የሚወቅጡ መስሎን ነበር። እትዬ ዘነበች ሳቁ።

«ምን ቅመም! ረድኤት ናት እንጂ። አብነት ሰፈር ካለው ጎሚስታ አሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ገዝታ አልጋዋ እግር ላይ አሰረችው። በየማታው በእግሯ ስትገፋው፣ ስትገፋው። ‹እማዬ የዚያ ማሽን ፔዳል ከባድ ነው፤ እግሬን ላለማምደው› ትለኛለች። አልጋው ግድግዳውን ሲመታ ነው እናንተ የምትሰሙት። ስንት እንደገፋች እኔ ነኝ የምቆጥርላት፤ ሁለት መቶ ሳልላት አትተኛም። አሁንማ እግሯ ብረት ሆኗል።»

ልጅቷ ችግሯን በራሷ መንገድ፣ በአሮጌ ላስቲክ፣ ጠግና ጨርሳ ነበር። እናትየው ቆጥረውላታል። እኔ ከእነሱ በታች ባለው ክፍል ተኝቼ ጥገናውን እየሰማሁ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ያን ጠዋት የነካሁት የተበላሸ ነገር አልነበረም። የተስተካከለ ነገር ነው ያበላሸሁት። ተነስቼ አሞኛል ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረድኤት መጣች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። በመስኮት ሳይ እናትየው በቆሙበት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

ለሰብለ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ብትናገር ለልጅቷ ይጠቅማታል?» አለችኝ። ይጠቅማታል አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። ብልሽቱን አግኝቼዋለሁ፤ የተገኘ ደግሞ ይጠገናል።

በማግስቱ የክፍል ኃላፊያችን አቶ ፍሬው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መዝገቡን አስከፍተው ምንም እንዳልጻፍኩ አዩ። መዝገቡን ዘግተው ስልክ አነሱ። በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጠራኝ። እኔ የምከራከረው ስለ ረድኤት ነው። እነሱ የሚጠይቁኝ ግን ስለ እኔ ነው። ልጅቷ ናት እንዲቀልላት የጠየቀችህ? አይደለችም። ታውቃት ነበር? ጎረቤቴ ናት። የት? ከእኛ ቤት በላይ። እርስ በርስ ተያዩ። ያቺን መተያየት ስመለከት በመናገሬ ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ጀመር። እሷንም ጠርተው ጠየቋት። እሷ ምን እንደሠራሁ ያወቀችው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ እንደ ተጠርጣሪ።

ፔዳሉን ሌላ ሰው እንዲለካው አደረጉ። አቶ ፍሬው ውጤቱን አነበቡና «ልኩ ውስጥ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው። ግን እሷ የተለማመደችበት አይደለም።»

«ልኩ ውስጥ ከሆነ ማሽኑ ትክክል ነበር ማለት ነው። ማሽኑ ትክክል ከነበረ ፈተናው ይጸናል።»

«ጌታዬ፣ ጽፌው ቢሆን ካፒቴኑ ያዩት ነበር። ፔዳል ሲነካ ተፈታኙ አንድ ሁለቴ እንዲሞክረው ይደረጋል። እሷ ያን አላገኘችም።»

«ትክክል ነህ» አሉኝ። «ያንን ያልጻፍከው አንተ ነህ።»

ለስድስት ወር ከሥራ ታገድኩ፤ የመፈረም ሥልጣኔም ተነሳ። ይሄ ይገባኛል፤ አላማርርም። የረድኤት ስንብት ግን ጸና። ይግባኝም ብላ ነበር። ባለሙያ ጎረቤት እንዳላት ፋይሉ ላይ ከተጻፈ በኋላ ግን ይግባኟን በደህና ዓይን ያየው ሰው አልነበረም። ዝም ብል ኖሮ ያላለፈች ተማሪ ብቻ ትሆን ነበር። ስናገር የምትጠረጠር ተማሪ አደረግኳት። በሁለቱም በኩል የጎዳኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣሁም። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እትዬ ዘነበች መጥተው እንዲሰድቡኝ እጠብቅ ነበር። ቢሰድቡኝ እንደሚቀለኝም አውቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሰብለ በሩን ስትከፍት ተነስቼ ቆምኩ። እጃቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ምንም ሳይሉ አገላብጠው ሳሙኝ። አለቀሱ።

«ሙሌ፣ ሰማሁ» አሉኝ። «ለልጄ ስትከራከር ሥራህን እንዳጣህ ረድኤት ነገረችኝ። እኔ እኮ እይልኝ ብቻ ነበር ያልኩህ።»

ሰብለን አየኋት፤ አቀርቅራለች። እሳቸው እንባቸውን ጠርገው፣ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እግዚአብሔር ይክፈልህ ብለው ወጡ።

በዚያው ምሽት ረድኤት ከሥራ ፍለጋ ስትመለስ ደረጃ ላይ ጠበቅኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ በእጇ አስቆመችኝ።

«ጠዋት ላይ ቀንሼዋለሁ ብትለኝ ኖሮ» አለችኝ። «አንድ ቃል። በሁለት ደቂቃ እለምደው ነበር። አይዞሽ ከምትለኝ እሷን ብትለኝ።»

ልታልፈኝ አንድ ደረጃ ወጣች።

«እናትሽን ለምን ዋሸሻቸው?» አልኳት። «እኔ እነግራቸዋለሁ። ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግራትም» አለች። «እማዬ አንድ ክፉ ሰው ነው እንዲህ ያደረገን ብላ ታስባለች። ክፉ ሰው ሲያደርግ ትችለዋለች፤ ለምዳዋለች። የሚወደን ሰው ነው ብላት ግን የምትችለው አይመስለኝም። ተወው ጋሼ። እሱን እንኳ ተውላት።»

ከዚያ አልፋኝ ወጣች። ያን ቀን የጠየቀችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ለእሷ ላደርግላት የምችለውም ይህ ብቻ ነበር።

አሁን ዓመታት አልፈዋል። ረድኤት አብነት በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ጥሩ አስተማሪ ናት ይላሉ። ሰላም ትለኛለች፤ ጋሼ ትለኛለች። አውሮፕላን በሰፈራችን ላይ ሲያልፍ ቀና ብላ ታይ እንደሆነ አላውቅም፤ አብሬያት ቆሜ አላውቅምና። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። የነካሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ያልነካሁትንም አልነካሁም ብዬ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። የጎረቤት ዕቃ መጠገን ትቻለሁ። ሰው ችግሩን ሲነግረኝ እሺ ብዬ እሰማለሁ፤ ሲጨርስ ምን ላድርግልህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ምንም ካለኝ ምንም አላደርግም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከእኔ ታሪክ ትልቅ ትምህርት የምታገኙ አይመስለኝም። ደግ አትሁኑ ልላችሁ አልችልም፤ ብነግራችሁም አትሰሙኝም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ጠዋት የሠራሁት ለረድኤት ይመስለኝ ነበር፤ ግን ሳልነግራት ስለሠራሁት ከመጀመሪያውም የእሷ አልነበረም። ማታ ላይ እናትየው እጄን እንዲይዙኝ፣ እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እንድታመሰግነኝ የፈለግኩ ሰው ነበርኩ። በዘመኔ ሁሉ ከሠራሁት ስህተት ያልጻፍኩት እሱን ብቻ ነው። ይኸው አሁን ጻፍኩት።

ምስጋናውን ግን አገኘሁት። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስወጣ እትዬ ዘነበች ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲወርዱ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። አርጅተዋል፤ ደረጃው ስለሚከብዳቸው ክንዴን ይይዛሉ። አብሯቸው የሚወርድ ጎረቤት ካለ ለእሱም ይተርኩለታል፤ ይሄ ሰው ለልጄ ብሎ ሥራውን ያጣ ነው ይሉታል። ታች ስንደርስ ክንዴን ይለቁና ቀና ብለው ዓይኔን እያዩ እንዳንተ ያለውን ጎረቤት ያብዛልን ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ።